ኳሷን ትታችሁ መረቡ አጠገብ ያለችውን ተመልከቱ፦ የሴቶች ጥንድ ቴኒስ በኦሎምፒክ

በኦሎምፒክ ሰሞን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ የማያልቅ ክርክር አለን። የሜዳ ቴኒስ ይወዳል፤ የሚያየው ግን የነጠላውን ብቻ ነው። የሴቶች ጥንድ ሲጀመር «አራት ሰው እየተጋፋ ምን ይታያል?» ይልና ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በጥንድ ስጫወት የኖርኩ ነኝ፤ ንግግሩ እንደ ስድብ ይሰማኛል። በፓሪሱ ኦሎምፒክ ጊዜ ክርክሩን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ለአንድ ጌም ያህል፣ ማለትም አንዷ መቺ ተራዋን እስክትጨርስ፣ ኳሷን እንዳያይ፤ ዐይኑን መረቡ አጠገብ ከቆመችው ተጫዋች ላይ እንዳያነሣ። ጌሙ አለቀ፤ አልተነሣም። የሚቀጥለውም አለቀ፤ አልተነሣም።

ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን በየመሐሉ የነገርኩት ነው፤ ሲጻፍ ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደግሞም ጌሞች ተደምረው የሚሠሩት የጨዋታ ክፍል ብዙ ጊዜ «ሴት» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ «ሁለተኛዋን ሴት አሸነፈች» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብቤ ተሸናፊዋ ማን እንደሆነች የፈለግኩበት ቀን አለ። እኔ «ሰት» እላለሁ፤ ግራ እንዳንጋባ።

መጀመሪያ ድልድሉን አንብቡ

በቶኪዮም በፓሪስም የሴቶች ጥንድ ድልድል 32 ጥንዶች ነበሩበት። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ከወርቁ መንገድ ይወጣል፤ አምስት ጊዜ ያሸነፈ ወርቁን ይወስዳል። ከአንድ አገር ከሁለት ጥንድ በላይ አይገባም። ውድድሩን ከሌላው ቴኒስ የሚለየው ግን ሁለቱ ተጫዋቾች የአንድ አገር ልጆች መሆን አለባቸው የሚለው ደንብ ነው። በዓመቱ ውስጥ በሚካሄዱት የሙያ ውድድሮች አንዲት ተጫዋች የምትስማማትን ጥንድ ከየትም አገር መርጣ ትጫወታለች። ኦሎምፒክ ሲመጣ ያቺን ትታ ከአገሯ ልጅ ጎን ትቆማለች። ዓመቱን ሙሉ ከመረቡ ወዲያና ወዲህ ሆነው ሲፋለሙ የከረሙ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሳምንት አንድ ወገን ይሆናሉ።

ስለዚህ ስሞቹን ስታነቡ «የትኛዋ ትበልጣለች?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እነዚህ ሁለቱ አብረው የኖሩ ናቸው ወይስ ለሰሞኑ የተጣመሩ?» ብላችሁ ጀምሩ። አብሮ በመኖር ቬነስና ሴሬና ዊሊያምስን የሚያህል የለም፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና። በ2000 በሲድኒ፣ በ2008 በቤይጂንግ፣ በ2012 በለንደን ወርቅ ሲወስዱ በሦስቱም ጊዜ አንድም ጨዋታ አልተሸነፉም። በ2016 በሪዮ ግን በመጀመሪያው ዙር በቼኮቹ በሉሲ ሳፋሮቫና በባርቦራ ስትሪትሶቫ ተሸንፈው ወጡ። በመሐሉ በ2004 በአቴንስ ቬነስ ከቻንዳ ሩቢን ጋር ተጣምራ ገብታ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ያሸነፏቸው ሊ ቲንግና ሱን ቲያንቲያን የተባሉ ቻይናውያን ናቸው። ያን ጊዜ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር፤ ውድድሩ ሲያልቅ ለአገራቸው የመጀመሪያውን የቴኒስ ወርቅ ይዘው ሄዱ። ብዙ ጊዜ አብረው የተጫወቱ ጥንድ ነበሩ። በነጠላ ስሟ የገነነ ተጫዋች በጥንድ ሜዳ ላይ እንግዳ ልትሆን እንደምትችል ለሚጠራጠር ሁሉ የማነሣው ይህንን ነው።

ከዚህ የሚቃረንም አለ፤ አልደብቅም። በሪዮ ስዊዘርላንዳዊቷ ማርቲና ሂንጊስ ልትጣመራት የነበረችው ቤሊንዳ ቤንቺች ሳትመጣ ቀርታ ከቲሜያ ባቺንስኪ ጋር ገባችና እስከ ፍጻሜው ደርሳ ብር ወሰደች። ሂንጊስ ግን ሂንጊስ ናት፤ ከማንም ጋር ብታቆሟት መረቡ አጠገብ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች።

በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው በነጠላ የተጫወተች ካለችም ልብ በሉ። ቤንቺች በቶኪዮ የነጠላውን ወርቅ ባገኘች ማግሥት ከቪክቶሪያ ጎሉቢች ጋር በጥንድ ፍጻሜ ቆመች፤ በባርቦራ ክሬይቺኮቫና በካቴሪና ሲንያኮቫ 7 ለ 5፣ 6 ለ 1 ተሸነፉ። የሁለተኛውን ሰት ውጤት ሳየው የደከመ እግሯ ይታየኛል።

ሜዳው ስንት ሰው ይይዛል?

ወንድሜ «እየተጋፋ» ማለቱ፣ ሳያውቀው፣ ልክ ነው። የነጠላ ሜዳ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው። ለጥንድ በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር የሆነ ኮሪደር ይጨመርና 10.97 ይሆናል። ሰዉ በእጥፍ ጨመረ፤ ወርዱ ግን በሢሶ ብቻ። ርዝመቱ ያው 23.77 ሜትር ነው። እንግዲህ በነጠላ እንደሚደረገው ባዶ ቦታ ፈልጎ ኳስ ማስቀመጥ እዚህ ብዙም አያዋጣም፤ ባዶ ቦታ የለማ። ባዶ ቦታው መፈጠር አለበት፤ የሚፈጠረውም ሰው ከቦታው ሲነቃነቅ ነው። ኳሷን ትታችሁ ሰዎቹን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

በሜዳው ተገኝታችሁ የምታዩ ከሆነ ከጎን አትቀመጡ፤ አንገታችሁ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ይውላል እንጂ አሰላለፉ አይታያችሁም። ከተጫዋቾቹ ጀርባ፣ ከፍ ያለውን ወንበር ያዙ። በቴሌቪዥን ለምታዩ ካሜራው ራሱ እዚያው ስለሚቆም ዕድለኞች ናችሁ።

መረቡ አጠገብ ያለችው

አንዷ ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት፣ ስትመታ ጓደኛዋ ከፊት፣ ከመረቡ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቃ ትቆማለች። ባዳ ዐይን ሥራ ፈት ያስመስላታል። የነጥቡ ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ከሰርቩ በፊት እጇን ወደ ጀርባዋ ስታደርግ ታዩአታላችሁ። ያ ምልክት ነው። ብዙ ጥንዶች ዘንድ የተጨበጠ እጅ «ከቦታዬ አልነቃነቅም» ማለት ነው፤ የተዘረጋ መዳፍ «አቋርጣለሁ» ማለት ነው፤ ጣቶቹ ደግሞ ሰርቩ ወደ የት እንዲመታ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ቋንቋ ስላለው በአንድ ጨዋታ የለመዳችሁትን በሌላው አትመኑበት። ተቃራኒዎቹ ጀርባዋን አያዩም፤ እናንተ ታያላችሁ። ለሁለት ጌም ያህል እጇንና ቀጥሎ የምታደርገውን ብታነጻጽሩ ምልክቱን ትፈቱታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነጥቡ ሳይጀመር የሚሆነውን እያወቃችሁ ትጠብቃላችሁ። ወንድሜን ወንበሩ ላይ ያስቀረው ይህ ነው። «አሁን ትሄዳለች» ይል ጀመር፤ ትሄዳለች።

ማቋረጥ የምለው ሰርቩን የተቀበለችው ተጫዋች ኳሷን በሰያፍ ወደ መቺዋ ስትመልስ፣ የመረቧ ተጫዋች በመሐል ገብታ ኳሷ ሳትነጥር መምታቷን ነው። ሙያው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ቀድማ ከተነሣች ተቀባይዋ አይታት በለቀቀችው ጎን ቀጥ አድርጋ ትልከዋለች። ከዘገየች ኳሷ ታልፋታለች። ትክክለኛው ቅጽበት የተቀባይዋ ዐይን ወደ ኳሷ አጎንብሶ ራኬቷ ወደፊት መምጣት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ አሳብ መቀየር አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ የግሌን መለኪያ ልስጣችሁ። የመረቧ ተጫዋች አቋርጣ ስትሄድ በለቀቀችው ጎን ኳስ ካለፈባት፣ ተመልካቹ «አይ!» ይላል። እኔ አልልም። የሚቀጥለውን ነጥብ እጠብቃለሁ። እንደገና ከሄደች ያ ጥንድ ደኅና ነው። ከቦታዋ ተተክላ ከቀረች ግን ተቃራኒዎቿ ያቺን አንዲት ነጥብ በማግኘት አሥር ነጥብ ገዝተዋል፤ ከእንግዲህ ተቀባዮቹ ያለ ስጋት በሰያፍ ይመልሳሉ። ውጤት መግለጫው ይህን አይጽፈውም።

አንዳንዴ ደግሞ የመረቧ ተጫዋች ሜዳውን ግራና ቀኝ በሚከፍለው መስመር ላይ፣ መረቡ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ልትደበቅ የፈለገች መስላ ታገኟታላችሁ። ሰርቩ በራሷ ላይ ያልፋል። መቺዋም ወደ መሐል ተጠግታ ትቆማለች። ተቀባይዋ የፊተኛዋ ወደ ግራ ትነሣ ወደ ቀኝ ሳታውቅ መመለስ አለባት። ሌላው አሰላለፍ ሁለቱ በአንድ ወገን ፊትና ኋላ የሚቆሙበት ነው፤ ይህ የሰያፉን መንገድ ዘግቶ ተቀባይዋን የማትወደውን ቀጥተኛ ምት ያስመታታል። አሰላለፍ ሲቀየር ሁልጊዜ «ማን ስላስቸገረቻቸው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሰያፍ አሳምራ የምትመልስ አንዲት ተቀባይ ከወዲያ በኩል አለች ማለት ነው።

የመሐሏ ኳስ

ይህን ክፍል ስጽፍ ትንሽ ያመኛል። ከጓደኛዬ ጋር በተጫወትነው አንድ ውድድር ላይ፣ ሁለታችንም መረቡ አጠገብ ደርሰን ሳለ ኳስ በመሐላችን መጣች። ፈጣን አልነበረችም። እኔ «የሷ ናት» ብዬ ተውኩ፤ እሷም «ያንቺ ናት» ብላ ተወች። የሁለታችንም ራኬት ሳይነሣ ኳሷ አለፈች፤ ጨዋታውም በዚያች ነጥብ አለቀ። ለሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ደውላ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ፎርሃንድ ያላት ትውሰድ» አለችኝ። ፎርሃንድ ራኬቱን በያዘው እጅ ወገን የሚመታው ምት ነው። እስከ መጨረሻው ሕጋችን ይህ ሆነ።

ጎበዝ ጥንዶች ወደ መሐል አዘውትረው የሚመቱት ይህን ጠብ ለመፍጠር ነው። ሌላም ምክንያት አላቸው፦ መረቡ በመሐሉ 91.4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በምሰሶዎቹ በኩል 1.07 ሜትር ነው፤ በመሐል ያለፈች ኳስ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ወደ ውጭ የመውጣት አደጋዋም ያንሳል። ስለዚህ በመሐል የመጣችውን ኳስ ማን እንደምትወስድ ቁጠሩ። አንዷ ሁልጊዜ የምትወስድ ከሆነ ስምምነት አለ። አንዴ ይቺ አንዴ ያቺ ከሆነና በየመሐሉ ከተያዩ የለም። ሁለቱም ቀኝ እጅ ከሆኑ በግራ በኩል የቆመችው ፎርሃንዷ ወደ መሐል ስለሚወድቅ እሷ ብትወስድ ይሻላል። ግራ እጅ ካለች ሒሳቡ ይቀየራል፤ በሪዮ ከኤሌና ቬስኒና ጋር ወርቅ የወሰደችው ኤካቴሪና ማካሮቫ ግራ እጅ ናት፤ በፓሪስ ብር ያገኘችው ዲያና ሽናይደርም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ጥንድ ስታዩ መጀመሪያ የምታጣሩት ሁለቱን ፎርሃንዶች ወደ መሐል አድርገው እንደሆነ ወይም ወደ ጠርዝ አድርገው እንደሆነ ነው። ሰርቭ የሚቀበሉበትን ጎን በአንድ ሰት መሐል መለወጥ አይፈቀድላቸውም፤ ሲለውጡ የምታዩት ሰት ሲጀመር ነው። ከለወጡ ደግሞ በአለፈው ሰት አንድ ነገር ነክሷቸዋል።

ደካማዋ ሰርቭ

አራት ተጫዋቾች በየተራ አንድ አንድ ጌም ሰርቭ ስለሚመቱ እያንዳንዷ የሚደርሳት በአራት ጌም አንዴ ነው። በወረቀት ላይ አራት ስም ጽፌ ሰርቧን ባስጠበቀች (የመታችበትን ጌም ባሸነፈች) ቁጥር አንድ ጭረት፣ ባስነጠቀች (በተሸነፈች) ቁጥር አንድ ክብ አደርጋለሁ። ሌላ ምንም አልመዘግብም። አንድ ሰት ሲያልቅ ጨዋታው የት እንደሚሰበር ክቦቹ ይነግሩኛል።

ክብ የበዛባት ተጫዋች ግን ጥንዷን ታጠፋለች ማለት አይደለም፤ የፓሪስ ፍጻሜ ምስክር ነው። እ.አ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2024 በሮላን ጋሮስ የሸክላ ሜዳ ላይ ጣልያኖቹ ሳራ ኤራኒና ጃዝሚን ፓኦሊኒ ከሚራ አንድሬቫና ከሽናይደር ጋር ገጠሙ። ኤራኒ ሰርቧ ለስላሳ መሆኑን ዓለም ያውቃል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ከታች ወደ ላይ ታነሣዋለች። ሁለቱ ጣልያኖች ቁመታቸው ከ1.65 ሜትር አይበልጥም። ኤራኒ 37 ዓመቷ ነበር፤ አንድሬቫ 17። የሚገርመው፣ የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በሚያዝያ 29፣ በሃያ ዓመት ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን ሰት ጣልያኖቹ 6 ለ 2 ተሸነፉ። ሁለተኛውን 6 ለ 1 ወሰዱ፤ በሦስተኛ ሰት ፈንታ በነጥብ የሚቆጠረውን መለያ 10 ለ 7። ለጣልያን የመጀመሪያው የቴኒስ ወርቅ ሆነ።

ለስላሳ ሰርቭ ያላት ስትመታ የምታዩት ጓደኛዋን ነው። መረቡ አጠገብ ትቀራለች? ወይስ የሚመጣባትን ፈርታ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች? ሁለቱም ከኋላ ከቆሙ መረቡን አስረክበው ነጥቡን በሩጫ ሊያገኙት አስበዋል ማለት ነው። እንደ ሮላን ጋሮስ ባለ ኳስ ቀስ ብላ በምትነጥርበት ሸክላ ላይ ይህ ያስኬዳል። በ2012 ውድድሩ በተደረገበት በዊምብልደን ሣር ላይ ግን ኳሷ ዝቅ ብላ ስለምትንሸራተት ከኋላ የቆመ ብዙ አያተርፍም።

ሎብን በተመለከተ አጭር ነኝ። ከመረቧ ተጫዋች ራስ በላይ ከፍ ተደርጋ የተላከች ኳስ ነጥብ ባታስገኝም ሁለቱን ቦታ ታለዋውጣለች። ሎብ በወጣ ቁጥር ኳሷን የምታሳድደውን ተዉና የቀረችው ወደ የት እንደሄደች ፈልጉ። ወደ ተለቀቀው ወገን ካልተሻገረች የሚቀጥለው ምት ማንም በሌለበት ይወድቃል።

አንድ ለአንድ ሲሆኑ

በ1988 ቴኒስ ወደ ኦሎምፒክ በተመለሰበት በሴኡል፣ ፓም ሽራይቨርና ዚና ጋሪሰን ያና ኖቮትናንና ሄለና ሱኮቫን ያሸነፉት በሦስተኛው ሰት 10 ለ 8 ነው፤ እነዚያ አሥሮች ሙሉ ጌሞች ናቸው። በ2021 ከተካሄደው ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ወዲህ ሦስተኛ ሰት የለም። በሰት አንድ ለአንድ ከሆኑ በመለያው አሥር ነጥብ ቀድሞ የሚደርስ፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት፣ ያሸንፋል። የድሮውን የሚናፍቁ አሉ፤ እኔ ግን ለአዲሱ ልቤ ይመታል።

የመጀመሪያዋ መቺ አንድ ነጥብ ትመታለች፤ ከዚያ ተራው እየዞረ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ነጥብ ይደርሳል። በየስድስቱ ነጥብ ሁለቱ ጥንዶች ከመረቡ ወዲያና ወዲህ ቦታ ይቀያየራሉ። የፓሪሱን ፍጻሜ ውሰዱ፤ 10 ለ 7 አሥራ ሰባት ነጥብ ነው። ብታካፍሉት አንዷ አምስት፣ ሦስቱ አራት አራት ሰርቭ ደርሷቸዋል። እንግዲህ ኃይለኛ ሰርቭ የምትጠቅመው ያን ያህል ብቻ ነው፤ ደካማዋም የምትጎዳው ያን ያህል ብቻ። ጥንዶቹ ከመለያው በፊት የመምታትና የመቀበል ቅደም ተከተላቸውን እንደ አዲስ ሰት መለወጥ ይችላሉ። የሁለት ደቂቃው ዕረፍት ላይ አትነሡ፤ ማን መጀመሪያ እንድትመታ እንደወሰኑ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቴ ላይ ጭረት የበዛላት ተጫዋች ከጥንዷ ቀድማ ከወጣች ሒሳብ ያውቃሉ እላለሁ።

ጊዜ ያላችሁ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ

ፍጻሜውን አትምረጡ። የነሐሱን ምረጡ። በሴኡልና በባርሴሎና በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ጥንዶች ነሐስ ይሰጣቸው ነበር፤ ከ1996 ከአትላንታ ወዲህ ግን ተጋጥመው አንዱ ባዶ እጁን ይሄዳል። በፍጻሜው የተሸነፈች ብር አላት። በነሐሱ የተሸነፈች ምንም የላትም፤ ይህን አራቱም ያውቁታል፤ የመረቧ ተጫዋች እግር ላይ ይታያል።

በቶኪዮ ብራዚላውያኑ ላውራ ፒጎሲና ሉዊዛ ስቴፋኒ ለውድድሩ የተጠሩት በመጨረሻው ሰዓት ነበር። ለነሐስ ከቬሮኒካ ኩደርሜቶቫና ከቬስኒና ጋር ተጋጠሙ፤ ያቺው በሪዮ ወርቅ የወሰደችው ቬስኒና ናት። አንድ ለአንድ ሆኑና መለያው ላይ 9 ለ 5 ተመሩ። አራት ነጥብ በተከታታይ መክተው 11 ለ 9 አሸነፉ። ለብራዚል የመጀመሪያው የኦሎምፒክ የቴኒስ ሜዳሊያ ነው። ቅጂውን ካገኛችሁ መለያውን ሁለት ጊዜ እዩት፦ መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው፣ ከዚያ ኳሷን ትታችሁ። ወንድሜ ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ ለእኔ ግን ሁለት ነው ያለኝ።

የነሐሱ ጨዋታ በዋናው ሜዳ ላይ ላይደረግ ይችላል፤ የዕለቱን መርሐ ግብር ጠዋት ተነሥታችሁ ተመልከቱ፤ የሜዳውን ቁጥርም ጻፉ።